የዝናር ጥይት እርጅና፦ ከጉራዕ ድል እስከ 1928 ዓ.ም. ጦርነት

ስለ ኢትዮጵያ ጦርነቶች የተጻፉት መጻሕፍት የጠብመንጃን ቍጥር ለመዘርዘር አይሰንፉም። ስንት ረሚንግቶን ተማረከ፥ ስንት ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ ገባ፥ ስንቱስ ለየትኛው መኰንን ተሰጠ የሚለው በየምዕራፉ ይገኛል። የጥይት ነገር በተነሣ ጊዜም የሚጠየቀው ብዛቱ ነው። የጥይቱ ዕድሜ ስንት ነበረ፥ ስንት ጊዜ ተተኵሶ እንደ ገና ተሞላ፥ ወደ ተኳሹ ዝናር ከመግባቱ በፊት በስንት ሰው እጅ አለፈ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አልተነሣም። ሆኖም ቃታ በተሳበ ጊዜ ለተኳሹ መልስ የምትሰጠው በመጉረሻው ውስጥ ያለችው አንዲቱ ጥይት ናት እንጂ የግምጃ ቤቱ መዝገብ አይደለም። ጥይቲቱ ብትከሽፍ ሰውየው ዱላ እንደ ያዘ ይቈጠራል፤ ቀለህዋ ብትቀደድ ደግሞ ጉዳቱ የሚመጣው ከጠላት ወገን ሳይሆን ከገዛ ጕንጩ አጠገብ ነው።

ጥይት ከመምጣቷ በፊት ባለ ነፍጡ ባሩዱንና አረሩን ለየብቻ ይዞ ይዘምት ነበረ። ባሩዱ በዓይን ይታያል፥ በጣት ይታሻል፤ እርጥበት የገባው እንደ ሆነም ተጓጕሎ ይገኛልና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት እኩሌታ በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋችው የናስ ጥይት ግን አራት ነገሮችን፥ ይኸውም አረሩን፥ ባሩዱን፥ የእሳት መጫሪያ የሆነችውን ካፕሱልና ሁሉን የሚይዘውን ቀለህ በአንድ አካል አጠቃለለች። ቀለህ ተራ መያዣ አይደለም። ባሩዱ በተቀጣጠለ ጊዜ ናሱ ወደ ጐን ተለጥጦ ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፥ እሳቱም ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይደፍናል። ግፊቱ ባለፈ ጊዜ እንደ ገና ጥቂት ይሰበሰብና ለመውጣት ይመቻል። እንግዲህ የተኳሹ ደኅንነት የተንጠለጠለው በዚህ ቀጭን ናስ ላይ ነው። አዲሲቱ ጥይት ፍጥነትንና ከዝናብ መጠለልን ብታመጣም የባሩዱን ሁኔታ ከባለቤቱ ዓይን ሰውራለች። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የተነሣው ከዚህ መሰወር ነው።

ከኋላ የሚጐርስ ጠብመንጃ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በታላቅ ጦርነት የታየው በ1860 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሰናድር የተባለውን ጠብመንጃ ይዞ ነበረ፤ ስሙም በአገሩ ቋንቋ ገብቶ ቀረ። በ1868 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ባደረገ ጊዜ ብዙ ረሚንግቶን ከነጥይቱ ተማረከ። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎች ተከተሉ። ባለ ቅኔው አርቱር ሬምቦ ከታጁራ በግመል አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ያቀረበው 2,040 ባለ ካፕሱል ጠብመንጃና 60,000 የረሚንግቶን ጥይት ነበረ። በዚህ ጭነት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ጠብመንጃዎቹ በአፈሙዝ የሚጐርሱ አሮጌ ዓይነት ናቸውና ጥይቱ ለእነርሱ የሚሆን አልነበረም። ጥይቱ የተጫነው ቀድሞውን በአገሩ ውስጥ ለሚገኙት ረሚንግቶኖች ነው። ጥይት ገና በዚያን ጊዜ ከጠብመንጃው ተለይታ የራስዋን ገበያ ይዛ ነበረች ማለት ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚጐርሰውን የለቤልን ጠብመንጃ በተቀበለች ጊዜ የ1874ቱ ግራ የተባለው ጠብመንጃ ከመደበኛው ጦር ወጥቶ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት በኢትዮጵያ አንደበት ውጅግራ ሆነ። በኢጣልያም በኩል የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የቬተርሊ ጠብመንጃና ጥይት ገባ። ክርክሩ በጠናበት በ1885 ዓ.ም. እንኳ ዶክቶር ትራቨርሲ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተቀበሉ፥ ውሉን ግን አልተቀበሉም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ከሆነው የኢጣልያ ጦር ደግሞ 11,000 ያህል ጠብመንጃ እንደ ተማረከ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ሲገባ በሩ አንድ ጊዜ ይከፈታል፥ አንድ ጊዜ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1890 በብሩክሴል የተፈረመው ውል በአፍሪካ ምድር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን እስከ 20ኛው፥ በስተ ደቡብ እስከ 22ኛው መስመር ድረስ የዘመናዊ መሣሪያን ንግድ ከለከለ፤ ኢትዮጵያም በዚህ ክልል ውስጥ ትገኛለች። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በባሕር ዳርቻዎቻቸው በኩል የሚያልፈውን መሣሪያ ለመቈጣጠር ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1919 በሳን ዠርሜን የተፈረመው ሌላ ውል ክልከላውን አጸና። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መስከረም ወር ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜም ይህንኑ የመሣሪያ ደንብ እንድትቀበል ተጠየቀች። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ከሦስቱ ጎረቤት መንግሥታት ጋር የተፈረመው ውል በሕግ በኩል በሩን ቢከፍትም አምስት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ። ስለ እነዚህ ውሎች የጻፉት ሊቃውንት የተመለከቱት በአብዛኛው ስንት መሣሪያ ተከለከለ፥ ስንቱስ በስውር ገባ የሚለውን ነው። ክልከላው አገር ውስጥ ቀድሞ የገባውን ጥይት ምን እንዳደረገው ለመረዳት ግን ወደ ገበያው መውረድ ያስፈልጋል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጐበኙ መንገደኞች በአንድ ቃል እንደሚመሰክሩት፥ ጥይት፥ ይልቁንም የውጅግራ ጥይት፥ ከማሪያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብሩ ከ28 ግራም በላይ የሚመዝን ትልቅ ገንዘብ ስለ ሆነ ለዶሮና ለእንቍላል፥ ለአንድ እፍኝ በርበሬ መግዣ አይሆንም። ዝርዝር ያስፈልጋል። ጥይት ደግሞ መጠንዋ እኩል ነው፥ ከእጅ እጅ ለማለፍ ትመቻለች፥ ሁሉም ይፈልጋታል፥ ከዳር አገር ይልቅ ወደ መኻል፥ ከሰላም ጊዜ ይልቅ በጦርነት ወሬ ጊዜ ዋጋዋ ይለዋወጣል። ጠብመንጃ የሌለው ባላገር እንኳ ጥይት ቢሰጡት አይመልስም፤ ነገ የሚቀበለው ያገኛልና።

ገንዘብ ሁሉ ምርመራ አለው። የማሪያ ቴሬዛን ብር የሚቀበል ሰው በላዩ የተቀረጸው 1780 የሚለው ዓመት፥ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በደኅና መታየታቸውን ሳያረጋግጥ አይቀበልም ነበረ። መልኩ የተፋቀ ብር ብርነቱ ሳይጓደል ይመለሳል ወይም በቅናሽ ይያዛል። አሞሌም ጫፉ የተሰበረ፥ ዝናብ ያሟሟው እንደ ሆነ ዋጋው ይወርዳል። በሁለቱም ዘንድ እርጅና በፊት ላይ ይነበባል፤ ገበያውም ያነበበውን ያህል ይቀንሳል። ጥይትስ? በገበያ ዓይን የምትመረመርበት ነገር ካፕሱልዋ አለመመታቱ፥ አረርዋ በቦታው መኖሩ፥ ናስዋ አለመጐድጐዱ ነው። ይህን ያሟላች ጥይት ሙሉ ናት። በውስጥዋ ያለው ባሩድ ረጥቦ ደርቆ ድንጋይ ቢሆን፥ እኩሌታውም ቢጐድል፥ ናስዋ ከአምስት ተኩስ የተረፈ ቢሆን፥ በገበያ ዋጋዋ ካልተነካችው እኅትዋ ጋር እኩል ይሆናል።

መመዘንም አያዋጣም። የውጅግራ ጥይት በፈረንሳይ መንግሥት ልክ የሚጐርሰው ባሩድ 5 ግራም ከሩብ ያህል ሲሆን አረሩ ብቻውን 25 ግራም ይመዝናል፤ ከነቀለሁ ከ40 ግራም በላይ ይሆናል። እንግዲህ የባሩዱ እኩሌታ ቢጐድል በእጅ መዳፍ ላይ የሚሰማው ልዩነት ከሁለት ተኩል ግራም ብዙም አይበልጥም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ እጅ ጥቂት ነው።

አላዋቂ ወይም አታላይ ገንዘብ እንዳለ ሲታወቅ ሰው ደኅናውን ገንዘብ ይሸሽጋል፥ መናኛውን ያዞራል፤ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ይህን በግሬሻም ስም ይጠሩታል። በጥይት ላይ ሲደርስ ሕጉ ለየት ያለ መልክ ይይዛል። ባለ ጠብመንጃው ከነጋዴ ሣጥን በቀጥታ የገዛትን ጥይት ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣል፤ ያልታመነችውን ለገበያ ያወጣል። ያልታመነችው እየዞረች ታረጃለች፤ የታመነችውም ተቀምጣ ታረጃለች። ሁለቱንም የሚያድስ ነገር መተኰስና በአዲስ መተካት ብቻ ነበረ፤ ገንዘብን ግን ማን ይተኩሳል?

ይሁንና መተኰሱ አልቀረም። በሠርግ፥ በለቅሶ፥ በሹመት ቀን ጥይት ይጮኻል፤ አደንም ጦርነትም አለ። የተተኰሰው ቀለህ ግን አይጣልም። ቀለህን መልሶ መሙላት በራሱ ነውር ያለበት ሥራ አይደለም፤ የአውሮፓ ሠራዊቶችም ለልምምድ ይሠሩት ነበረ። በእነርሱ ዘንድ ግን ቀለሁ ከጥቍር ባሩድ ዝቃጭ ታጥቦ ይደርቃል፥ በመሣሪያ ተስተካክሎ ወደ ልኩ ይመለሳል፥ ባሩዱ ይሰፈራል፥ የላላው ወይም የቀጠነው ይወገዳል። የጥቍር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበትን የሚስብ ጨው ስላለበት ያልታጠበ ናስ በሳምንታት ውስጥ ከውስጥ ይበላል። ከዚህም ሌላ ናሱ በተተኰሰ ቍጥር ተለጥጦ ይመለሳልና ከግርጌው ጥቂት ከፍ ብሎ ባለው ስፍራ ዙሪያውን እየቀጠነ ይሄዳል። አንድ ቀን ያ ቀለበት ይቈረጥና ግርጌው ሲወጣ ላይኛው ክፍል በመጉረሻው ውስጥ ይቀራል። ጠብመንጃው በዚያ ሰዓት አዲስ ጥይት አይቀበልም።

በአገር ውስጥ የሚቀመመው ባሩድ፥ ማለት ከሰል፥ ድኝና የባሩድ ጨው፥ ለነፍጥ ከበቂ በላይ ሆኖ ኖሯል። ጨው በደኅና ካልተጣራ ግን እርጥበትን ይስባል፤ በቀለህ ውስጥ ከተዘጋም በኋላ ማንም አያየውም። የደከመ ባሩድ ከመክሸፍ የከፋ ነገር ያመጣል። አረሩን ገፍቶ ከአፈሙዝ ማውጣት ሲያቅተው አረሩ በብረቱ መካከል ይቀራል። ድምፁ ቀጭን ነበረ ብሎ ያልተጠራጠረ ተኳሽ ሁለተኛ ጥይት አጕርሶ የተኰሰ እንደ ሆነ የሚቀደደው ብረቱ ነው።

ጢስ አልባ ባሩድ ከመጣ በኋላ ሌላ የማይታይ ችግር ተጨመረ። የዚያ ዘመን ካፕሱል የሚሠራው ባዜቃ ካለበት ፉልሚናት ነው። በጥቍር ባሩድ ጥይት ውስጥ ብዙው ዝቃጭ ባዜቃውን ይዞት ስለሚሄድ ናሱ ብዙም አይጐዳም፤ ቢታጠብ ዳግመኛ ያገለግላል። ጢስ አልባው ባሩድ ግን ዝቃጭ የለውምና ባዜቃው በናሱ ውስጥ ይሰርጋል፥ ናሱም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ከውጅግራ የተማረ ሰው ያንኑ ጥበብ ለለቤልና ለምንሽር ቀለህ ቢያውል፥ እጁ ሳይሳሳት ዕቃው ይከዳዋል። ጢስ አልባውን ባሩድ በድሮው ስፍር ለክቶ በአሮጌ ጠብመንጃ ውስጥ ማጕረስ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ግፊቱ ብረቱ ከተሠራበት ልክ ያልፋልና።

ሳይተኰስ የተቀመጠውም አልዳነም። ዝናር በኢትዮጵያ ጌጥም ማዕረግም ነው፤ ወገብን የታጠቀ ሰው ከጥይቱ ጋር ይታያል፥ ቤት ሲገባም ዝናሩን ከነጥይቱ ከግድግዳ ላይ ይሰቅላል። በቅርፊትና በተክል የለፋ ቈዳ ግን በውስጡ አሲድ አለው። ናሱ ከቈዳው ማደሪያ ጋር በተገናኘበት ስፍራ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱም ጥይቱን ከማደሪያው ጋር ያጣብቀዋል፥ ተፈልቅቆ ሲወጣም በመጉረሻው ውስጥ ይነክሳል። ይህን የአሜሪካ ሠራዊት በምዕራቡ ሜዳ ላይ ባደረገው ዘመቻ በሚገባ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ማደሪያው ከሸራ የተሠራ ዝናር ያወጣውና በኋላም የአንሰን ሚልስን ሽምን ዝናር የተቀበለው በዚሁ ምክንያት ነበረ። በኢትዮጵያ የቈዳው ዝናር እስከ መጨረሻው ቈየ። ዝገቱን በአመድ ወይም በአሸዋ ፈትጎ ማብራት ይቻላል፤ የበራችው ጥይት በገበያም በሰልፍም ታምራለች፥ ናስዋ ግን በፈተጋው ልክ ሳስቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ ነገር የቀረበው ግን ከህንድ የተገኘው ምስክር ነው። በእንግሊዝ ዘመን የህንድ ጦር ዘመቻ በሚቀንስበት በዝናቡ ወራት ጥይቱ በፈረሶች ጋጥ ውስጥ ይቀመጥ ነበረ። ዝናቡ አልፎ ሣጥኑ ሲከፈት ማንም ያልነካው ጥይት ብዙው ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ስንጥቁም የበዛው ናሱ አረሩን አንቆ በያዘበት በአንገቱ ላይ ነው። ምክንያቱ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፥ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ገለጡት። ናስ ሳይሞቅ በመሣሪያ ተስቦ ቅርጽ ሲይዝ በውስጡ ውጥረት ይቀርበታል። ከፈረስ ሽንት የሚነሣው አሞንያ እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ ይህን የተወጠረ ናስ ሲያገኝ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቱም ቀለሁን በመጠነኛ እሳት አሙቆ ውጥረቱን ማስለቀቅ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ይህን ክስተት በላብራቶሪ መርምሮ የጻፈ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ሁኔታው ግን አንድ በአንድ ይገጥማል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በብዙ አውራጃ በቅሎና ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ዝናሩ በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በእጅ የተሞላ ቀለህም አረሩን እንዲይዝ አንገቱ እሳት ሳያይ በጕጠት ወይም በመዶሻ ይጨመቃልና ውጥረቱ በፋብሪካ ከተሠራው ይብሳል። የህንድ ጥይት በአንድ ክረምት ተሰነጠቀ፤ በኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሃያና ሠላሳ ክረምት ሊያልፍበት ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሳለ የብዙ ጥይት መክሸፍ ዕድል ወይም የባለቤቱ ግድየለሽነት ተብሎ መቈጠሩ የሚያሳዝን ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ጎረቤቶችዋም ይመሰክራሉ። በጥር 1877 ዓ.ም. በሱዳን በአቡ ክሌያ በተደረገው ውጊያ በዘመኑ ከሁሉ የላቀ መንግሥት ሠራዊት እጅ የነበረው የማርቲኒ ጠብመንጃ፥ ከቀጭን ናስ ተጠቅልሎ የተሠራው ቀለህ እየተቀደደ በመጉረሻው ውስጥ ስለሚቀር፥ በጭንቁ ሰዓት ሥራ አቈመ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ከአንድ ወጥ ናስ የተሳበ ቀለህ አስገቡ። መሐዲስቶቹ ደግሞ በዑምዱርማን ባቋቋሙት የጦር መሣሪያ ቤት የረሚንግቶን ቀለህ እየሰበሰቡ ይሞሉ ነበረ፤ ነገር ግን የባሩዳቸው ጥራት ከዓመት ወደ ዓመት ስለ ወረደ በ1890 ዓ.ም. ነሐሴ ከኪችነር ጦር ጋር በተጋጠሙ ጊዜ አረራቸው የሚደርስበት ርቀት አጥሮ ተገኘ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። አንዱ ስሕተቱን ባየ ጊዜ ሌላ ጥይት ከፋብሪካ አዘዘ፤ ሌላው ያለውን ከመሙላት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

በአውሮፓ የጦር ግምጃ ቤቶች የታወቀው ደንብ ቀላል ነው። ጥይት በገባበት ዓመትና በተሠራበት ፋብሪካ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜም በቀለሁ ግርጌ ላይ ዓመቱ ይታተማል። አሮጌው አስቀድሞ ለልምምድ ይወጣል፥ አዲሱ በቦታው ይተካል፤ ከየሣጥኑ ጥቂት እየተተኰሰ ይፈተናል፥ የተጠረጠረው ሣጥን ሙሉውን ይወገዳል። ወታደሩ በወገቡ የያዘውም እንደዚሁ በየጊዜው እየታየ ይለወጣል። በዚህ ደንብ ውስጥ ጥበብ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው በየዓመቱ የማይቋረጥ አዲስ ጥይት ነው። ነገ ሌላ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው አሮጌውን ለልምምድ ተኩስ ቢሉት አይሰማም፥ ሊሰማም አይገባውም። ስለዚህ ከብሩክሴል ጀምሮ የተከታተለው ክልከላ የኢትዮጵያን ጥይት ማሳነሱ ብቻ አልነበረም ጉዳቱ፤ ያለውን አስረጀው። የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ የገባው ሁሉ ይቀመጣል፥ የተቀመጠው ገንዘብ ይሆናል፥ ገንዘብ የሆነው አይፈተንም። አልፎ አልፎ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የኢትዮጵያን ተኳሽ ልምምድ አያደርግም፥ አነጣጥሮ አይመታም ብለው ይነቅፋሉ። ለልምምድ የሚተኰሰው ጥይት የእራት ዋጋ እንደ ሆነ ግን አይጽፉም።

ይህ ክምችት የተፈተነው በ1928 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. እንግሊዝ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ለሁለቱም የተነገረው ክልከላ በአንዲቱ ላይ ብቻ እንደ ወደቀ ግልጽ ነው፤ ኢጣልያ የራስዋ ፋብሪካዎች ነበሯት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት መረብን በተሻገረ ጊዜ በቤልጅግ መኰንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ዘመናዊ ጠብመንጃ ይዞ ነበረ። ከየአውራጃው በክተት የመጣው ሠራዊት ግን አብዛኛው የያዘው ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መሣሪያ ነበረ። ጥይቱም እንደ መሣሪያው ብዙ ዓይነት ነው። የውጅግራው 11 ሚሊሜትር፥ የቬተርሊው 10.4፥ የማርቲኒው 11.4 ያህል ሲሆን ለቤልና ምንሽር ሁለቱም 8 ይባላሉ። ቍጥራቸው አንድ ይሁን እንጂ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ጓደኛው ቢያልቅበት ከጎኑ ያለው ሰው ዝናሩን ፈትቶ ሊያካፍለው የማይችልበት ሠራዊት ነበረ። በዚያ ላይ የያንዳንዱ ሰው ዝናር በራሱ የተደባለቀ ነው፤ አባቱ በዐድዋ ከታጠቀው የተረፈ፥ በገበያ የተለወጠ፥ በእጅ የተሞላ፥ ከመካከሉም ምናልባት ጥቂት አዲስ። የትኛዋ የትኛዋ እንደ ሆነች በጨለማና በጥድፊያ መለየት አይቻልም።

ከማይጨው በኋላ በአርበኝነቱ ዘመን ነገሩ በሌላ መንገድ ተለወጠ። አርበኛው ጥይት የሚያገኘው በአብዛኛው ከጠላት ነው፤ ወይም እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ከከተማ በስውር ይልኩለታል። ከኢጣልያ ወታደር የተማረከችው የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት በቅርብ ዓመት ተሠርታ በሣጥን የመጣች ስለ ሆነች ልትከሽፍ የምትችለው እምብዛም አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ውጅግራውን አስቀምጦ በጠላት ጠብመንጃ መዋጋት ከክብር ይልቅ የማስተዋል ጉዳይ ሆነ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በግምጃ ቤት ደንብ ሊደረግ ያልቻለው የጥይት መታደስ በጫካ ውስጥ በምርኮ ተደረገ። ጥይት በገንዘብነት ያላት ማዕረግም በዚሁ ዘመንና ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ገንዘብ በየገበያው እየተስፋፋ ሲሄድ ቀስ በቀስ ቀረ።

የዚያ ዘመን ጥይት ዛሬም በቤተ መዘክርና በየሰው ቤት በዝናር ላይ ተሰክቶ ይገኛል። እስከ አሁን የተቈጠረው እንደ ጌጥ ነው፤ እንደ ሰነድ ቢነበብ ግን ብዙ ይናገራል። ባሩድ ካለበት ጥይት አጠገብ እሳትና መዶሻ ሳይቀርብ፥ የሚያውቅ ባለሙያ በተገኘበት፥ በዓይንና በመነጽር ማየቱ ብቻ ይበቃል። የግርጌው ማኅተም ከየትኛው ፋብሪካ በየትኛው ዓመት እንደ ወጣች ይገልጣል። ከግርጌው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ መተኰስዋን፥ በአንገቷ ላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ የክረምቱንና የጋጡን ሥራ፥ በወገቧ ዙሪያ ያለው አረንጓዴ ቀለበት በቈዳ ውስጥ የኖረችበትን ዘመን ያመለክታል። በመጨረሻም ካፕሱሏን መመልከት ይገባል። አንድ ጕድጓድ ካለባትና አረሯ በቦታው ካለ ከሽፋለች ማለት ነው። ሁለት ጕድጓድ ካለባት ባለቤቷ በከሸፈች ጊዜ አልጣላትም፤ እንደ ገና ሞክሯታል፥ እንደ ገናም ከሽፋበት ወደ ዝናሩ መልሷታል።